ጨረቃ በግቢያችን ስሟ ብዙ ነበር

ግንቦት ሲገባ አልጋ ከቤት ይወጣል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ማታ ወደ ቤት ስለሚተፋው ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ይጠረጋል፣ አፈሩ ላይ ውኃ ይረጫል፣ የሽቦ አልጋውም የጠፍር አልጋውም እየተጎተተ ወጥቶ ይደረደራል። ለእኛ ለልጆቹ ሰሌን ይበቃናል። የረጠበው አፈር ሽታ፣ የኒሙ ዛፍ ቅጠል ኮሽታ፣ ከባቡር ጣቢያው በኩል የሚመጣው የፉርጎ መጋጨት ድምፅ፤ ከዚያ ሁላችንም በጀርባችን ተንጋለን ሰማዩን እንጠብቃለን።

ግቢያችን ገንደ ቆሬ ውስጥ ነበር። ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የኒም ዛፍ። ጨረቃ ከጣሪያው በላይ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምንጮኸው እኛ ልጆቹ ነን፤ «ጨረቃ ወጣች!» ከአጠገባችን ካለው አልጋ ላይ ወተት ሻጯ አዮ «ጂኣ» ትላለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ማዶ ያለችው ሶማሌዋ ኤዶ «ደየሕ» ትላለች። የሐረሪዎቹ ቤት እናት ሕፃኗን ታቅፋ በጣቷ እያሳየች «ወሕሪ» ትለዋለች። የየመናዊው ባለሱቅ ልጅ «ቀመር» ይላል። በፈረንሳዮቹ ዘመን ሽመንደፈር፣ ማለትም ምድር ባቡር፣ ገብተው ጡረታ የወጡት አዛውንት «ላ ሉን» ይላሉ፣ ፈረንሳይኛቸው እንዳልዛገ ለማሳየት። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት መሪጌታ ደግሞ ካባቸውን አጣጥፈው ትራስ እያደረጉ፣ የሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወርኅ» ብለው ይዘጉታል።

ሰባት ቤት፣ ሰባት ስም። አንዲት ጨረቃ።

በልጅነቴ ይህ የሚደንቅ ነገር አልመሰለኝም። ሰው ሁሉ ጨረቃን በሰባት ስም የሚያውቃት ይመስለኝ ነበር። አንዱን ስም ከሌላው መምረጥም የለም፤ የምትናገረው ለማን እንደሆነ አይተህ ትጠራታለህ። ለአዮ ከሆነ ጂኣ፣ ለኤዶ ከሆነ ደየሕ። ወተት ለመበደር የተላከ ልጅ በአማርኛ ብቻ ከሚለማመጥ አንዲት የኦሮምኛ ቃል ጣል ቢያደርግ ጣሳው ሞልቶ እንደሚመለስ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከተማዋ ራሷ እንዲህ ናት። ምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሜዳ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአዲሱ ሰፈር አዲስ ሐረር የሚል ስም ሰጥተውት ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘም። የያዘው ነዋሪው ሲለው የኖረው ነው። ድሬዳዋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቅ ሶማሌው ከድር ነገድ አባት ጋር አያይዞ ይተርክልሃል፤ ኦሮሞው «ድሬ ሜዳ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ አማርኛ ተናጋሪው የመድኃኒት ሜዳ ነው ይልሃል። ሦስቱም የየራሳቸውን እየተናገሩ በአንድ ከተማ ኖሩ።

ከየመናዊው ልጅ ጋር አንድ ጊዜ በጨረቃ ምክንያት ተደባድበናል። እሱ «ወጣ» ይላል፣ እኔ «ወጣች» እላለሁ። በዐረብኛ ቀመር ወንድ ነው፤ ሴቷ ፀሐይ ናት። በእኔ አማርኛ ደግሞ ጨረቃ ሴት ናት፤ መልኳ ያማረ ልጅ ስናይ ጨረቃ መሰለች የምንለው ለዚህ አይደል? ልብሳችን አቧራ ከለበሰ በኋላ ዳኛ ፍለጋ ኤዶ ዘንድ ሄድን። «ደየሕ ወንድ ነው» ብላ ለእሱ ፈረደች። ይግባኝ ብዬ ወደ ሽመንደፈሩ ሰው ሮጥኩ። ላ ሉን ሴት መሆኗን አረጋገጡልኝ። ሁለት ለሁለት ሆነን ታረቅን። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶ ፊት ስሆን ስለ ጨረቃ በወንድ አንቀጽ መናገር ጀመርኩ። ያስገደደኝ የለም። እሷ ዘንድ እንደዚያ ስለሚባል ነው።

የአያቴና የአዮ ክርክር ግን የገንዘብ ነበር፣ ስለዚህም ረዘመ። አዮ ወተት የምታመጣልን በዱቤ ነው። ጂኣ በኦሮምኛ ጨረቃም ነው ወርም ነው፤ ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው። ስለዚህ አዮ የወተቷን ሒሳብ የምትሰበስበው አዲስ ጨረቃ በታየች ማግስት ነው። አያቴ ደግሞ ወር ሲሏት 30 ቀን የምትቆጥር ሰው ናት።

«ገና 29 ቀን ነው፣ ምነው አስቸኮለሽ?» ትላታለች።

«አቦ፣ ሰማዩን እይው! ጂኣ ወጥታለች» ትላለች አዮ፣ እጇን ዘርግታ።

ይህ ነገር በየወሩ እየተነሣ ሁለቱም ሲሰለቻቸው መሪጌታ ዘንድ ቀረቡ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብን እንደ ውኃ የጠጡ ሰው ነበሩ። መሬት ላይ በእንጨት እየጫሩ አስረዷቸው፤ እኛም ከበን ሰማን። ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከሚቀጥለው 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ የጨረቃ ወር አንዴ 29 አንዴ 30 ይሆናል። 12 ጨረቃ ሲደመር 354 ቀን። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን። የሚተርፈው 11። «ይህቺ 11 አበቅቴ ትባላለች» አሉ፤ «ፋሲካን የምናገኘው በእሷ ነው። በየዓመቱ 11 እየጨመርክ 30 በሞላ ቁጥር ትገድፋለህ።» ከዚያ ወደ አያቴ ዞረው የተናገሩት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «አንቺ ወር የምትይው ቃል ራሱ ከወርኅ የመጣ ነው። ወርኅ ጨረቃ ናት። አዮ የያዘችው ዋናውን ነው፣ አንቺ የያዝሽው የተረፈውን።»

አያቴ ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው በጨረቃ ይሁን» አለች። እስክትሞት ድረስ የወተቱን ሒሳብ በጨረቃ ከፈለች።

እኔ የመሪጌታ ነገር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ትግርኛው ወርሒ ሲል ጨረቃንም ወርንም ይጠራል። የሐረሪው ወሕሪም እንዲሁ ነው። ጂኣም እንዲሁ። አማርኛ ግን ቃሉን ወር ብሎ አሳጥሮ ለቀን መቁጠሪያ ሰጠውና ለሰማይዋ ጨረቃ የሚል ሌላ ስም ያዘ። የወር ደመወዝ፣ የወር ኪራይ፣ የወር አስቤዛ ስንል ውለን ስናመሽ ጨረቃን እየጠራን እንደሆነ አይታወቀንም። ወራችን 30 ቀን ሆኖ ቀርቷል፤ ጨረቃ ብትወጣም ባትወጣም ይሞላል። ቃሉና ጨረቃ ዛሬም አብረው የሚሄዱበት ቦታ ቢኖር የወር አበባ በምንለው ስም ውስጥ ነው፤ እሱን የሚቆጥሩት ሴቶች ናቸው።

ያችው 11 ናት ረመዳንንም በየዓመቱ ወደ ኋላ የምትስበው። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የገባው ጾም፣ ወቅቱን ሁሉ ዞሮ በ2002 ዓ.ም. እንደገና ነሐሴ ላይ ገባ። መሪጌታ ፋሲካን የሚፈልጉባትና ኤዶ ረመዳንን የምትጠብቅባት ቁጥር አንዲት ናት። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ይህን ተነጋግረው ያውቁ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ ቢኖሩ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ይሆን ነበር።

1969ን ካነሣሁ አይቀር እዚያው ልቆይ።

በየዓመቱ የረመዳን ዋዜማ ግቢው የኤዶ ነበር። ዕድሜዋ ገፍቶም ዓይኗ ንስር ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ትወጣና ጉፍታዋን አጥብቃ ወደ ምዕራብ ታያለች። ከኋላዋ ሰባቱም ቤት ይቆማል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ቀጭኗን ጨረቃ ስታይ «ደየሕ!» ብላ ትጮኻለች። ድምጿ አጥር ዘሎ ጎረቤት ግቢ ይደርሳል። ከዚያ እልልታው፣ ከዚያ የዘይቱ ድምፅ፣ ከዚያ የሳምቡሳው ሽታ። ለእኔ ረመዳን የሚገባው በኤዶ ጩኸት ነው። ሬዲዮው ያለውን የሚሰማ አልነበረም።

በ1969 ነሐሴ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ረመዳን የገባውም በዚያው ሳምንት ነው። መብራት አጥፉ ተብሎ ግቢው ጨልሟል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከተማው ውስጥ ሶማልኛ መናገር ሰውን የሚያስጠረጥርበት ሰሞን ነበር፤ ትናንት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ዛሬ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥበት። ኤዶ ግን እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ወጣች። እኔም ከሥሯ ቆምኩ። ጨረቃዋን አየኋት፤ የጥፍር ቁራጭ ታክላለች። ኤዶም እንዳየቻት ፊቷ ነገረኝ።

አልጮኸችም። ወደ ግቢው በር ተመለከተች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከዚያ ጣቷን ብቻ ወደ ሰማይ ቀሰረችና፣ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ፣ «ጨረቃ» አለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለ ጦርነት የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ነው። ከተማዋ አልተያዘችም፣ ጦሩም ተመለሰ፤ ኤዶ ግን ደየሕ ማለት አቆመች። በቀጣዩ ዓመትም አላለችም። ድንጋዩ ላይም አልወጣችም። ማታ ማታ አልጋ ሲወጣ «ጨረቃ» ትላለች፣ እንደ እኛው፣ በሴት አንቀጽ። ማንም ምነው አላላትም። ሁላችንም ለምን እንደሆነ እናውቅ ነበርና።

በ1971 የረመዳን ዋዜማ ሐምሌ ላይ ዋለ። ደመናው ሲገለጥ ሲከደን አመሸ። አያቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ የማታውቀው አያቴ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ጉልበቷን እያመማት የማጠቢያው ድንጋይ ላይ ስትወጣ አየሁ። ማንንም አልጠራችም። ቆማ ጠበቀች። ደመናው ትንሽ ሲከፈት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኸች፤

«ኤዶ! ኧረ ነይ ውጪ! ደየሕ ወጣች!»

ኤዶ ከቤቷ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ወጣች አይባልም» አለች፤ «ወጣ በይ።»

ሁለቱ አሮጊቶች ድንጋዩ ሥር ተቃቅፈው ሲስቁም ሲያለቅሱም አመሹ። ሁለት ዓመት የጠፋው ቃል ወደ ግቢያችን የተመለሰው በአያቴ አፍ ነው። ከማውቃቸው የጀግንነት ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የደቻቱን ወንዝ ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ማስታወሱ ቀላል አይደለም። ሙሉ ጨረቃ በሆነች ማታ ደረቁ የደቻቱ አሸዋ እንደ ቀን ይበራ ነበር። ኳሱም ድብብቆሹም እዚያ ነው። እናቶቻችን አሸዋውን እንደ ግቢያቸው ያምኑት ነበር። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከደጋው የወረደው ጎርፍ በተኛበት ከ250 በላይ ሰው ከወሰደ በኋላ ያ አሸዋ ለማንም መጫወቻ አይመስልም። ዛሬ ሙሉ ጨረቃ በባዶ አሸዋ ላይ ትወጣለች።

ግቢያችንም የለም። በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ኒሙም ተቆርጧል። ሙቀቱን ቬንቲሌተር ይዋጋዋል፣ ያለው በኤሲ ይተኛል፤ አልጋ ግን ከቤት አይወጣም። የመንገዱ መብራት ነጭና ጠንካራ ነው፤ ጨረቃ ስትወጣ ጥላ እንኳ አትጥልም። የረመዳን ዋዜማ ሰው አንገቱን የሚደፋው ስልኩ ላይ ነው። «ጨረቃ ዛሬ ከታየች ጾሙ ነገ፣ ካልታየች ከነገ በስቲያ» የሚለው ማስታወቂያ በየዓመቱ ይነበባል፤ ጨረቃዋን በዓይኑ ያየ ሰው ፈልጌ በሰፈሩ ግን አላገኘሁም። ማስታወቂያው ትክክል ነው፣ ቀኑም አይሳሳትም። የጎደለው ድንጋዩ ላይ የምትወጣው ሴት ናት።

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ወደዚያ ሰፈር ሄድኩ። አሥር ዓመቷ ነው። የሕንፃው ሰገነት ላይ ወጥተን ሳለ መብራት ጠፋ። ከተማው በአንድ ጊዜ ጨለመና ጨረቃ ቦታዋን ያዘች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና «አጎቴ፣ የጁፒተር ጨረቃዎች ስም ስም አላቸው። የእኛዋ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1610 ጋሊሊዮ መነጽሩን ወደ ጁፒተር አዙሮ አራት ብርሃኖች ሲዞሩት እስኪያይ ድረስ በሰው ሁሉ ዘንድ ጨረቃ አንዲት ነበረች። አንዲት ለሆነች ነገር ቃሏ ራሱ ስሟ ነው፤ ሌላ አያስፈልጋትም። ከዚያ በኋላ ግን አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ ተባሉ። ዛሬ ሳተርን ብቻዋን ከ270 በላይ ጨረቃዎች ተቆጥረውላታል። (ከጁፒተር ጨረቃዎች የአንዷ ስም ከወተት ሻጯ ጎረቤታችን መጠሪያ ጋር መግጠሙ ልጅቷን በጣም አስደሰታት።) የእኛዋ ግን ያው የድሮ ስሟን ይዛ ቀረች። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በእንግሊዝኛ ሙን ብሎ በትልቅ ፊደል ይጽፋታል፤ የሌሎቹን ዓለማት ጨረቃ በትንሽ ፊደል። ሉና የሚሏትም አሉ፣ እሱም በላቲን ያው ጨረቃ ማለት ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ጨረቃ ብለን ስንጽፍ የሰገነታችንም የሳተርንም አንድ ዓይነት ነው። የምንለያት «የእኛ ጨረቃ» በማለት ነው፤ ስለዚህ የእኛ የሚለው ቃል ማንን ማንን እንደሚያጠቃልል ማወቅ ግድ ይላል።

መጽሐፈ ሄኖክን አነሣሁላት። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። በእሱ ውስጥ ጨረቃ አራት ስም አላት፦ አሶንያ፣ እብላ፣ ብናሴ፣ ኤራእ። የፀሐይ ስም ሁለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በያዘችው ድርሳን ለጨረቃ አራት ስም አይበዛባትም ማለት ነው። መሪጌታ ይህን ያውቁ ነበር፤ የሰባቱን ቤት ስም ሁሉ ሰምተው አንድም ቀን ተሳስታችኋል ሳይሉ መቅረታቸው አሁን አይገርመኝም።

ስም ማውጣት ለሌላ ብቻ የተተወ ሥራም አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ታኅሣሥ 7 ያ ዓለም አቀፍ ኅብረት ኢትዮጵያውያን በመረጡት መሠረት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለችን አንዲት ኮከብ ቡና፣ የምትዞራትን ፕላኔት አቦል ብሎ አጸደቀ። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ቡናው ቤቱን አገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የመጀመሪያ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። ለእሷ የሰጠናት ስም ግን የእንግሊዝኛ ፊደላት ምሕፃርና ቁጥር ነው። ኢትዮጵያዊ አያት ለልጅ ልጇ «ያቻት» ብላ ልትጠራው የምትችል ስም አይደለም። አቦልን ግን ማንኛዋም እናት ትጠራዋለች።

«እዚህ ግቢ የነበሩትስ ምን ይሏት ነበር?» አለችኝ ልጅቷ።

በጣቶቼ ቆጠርኩላት። ሰባቱን ጨርሼ ቀና ስል አፏን ከፍታለች። እሷ የምታውቀው ጨረቃንና ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣችውን ሙንን ነው። ከእሷ ጋር በአንድ መንገድ የሚያድጉ ልጆች አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይማራል። ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማሩ ትክክል ነው፤ ኤዶ በልጅነቷ ያላገኘችው መብት ነው፣ ወደ ኋላ ይመለስ የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ነገር ግን ሦስቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው የወደቀ ነገር አለ፤ የጎረቤት ቃል። የከተማችን ሹመት 40፣ 40፣ 20 በመቶ እየተባለ በቋንቋ ተቆጥሮ ሲከፋፈል የኖረበትን ዘመን ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። በእኛ ግቢ የሰውን ቋንቋ የምናውቀው ጣሳው እንዲሞላልን ነበር፤ ኮታ ልንቆጥርበት አልነበረም።

ስንወርድ ልጅቷ የሕንፃውን ዘበኛ ጠየቀችው። «ጨረቃን በእናንተ ምን ትሏታላችሁ?» ወጣቱ መጀመሪያ ደነገጠ። ጥያቄው የት ነው ቤትህ እንደማለት ሆኖበት ነበር። በከተማው ዳር የሚኖረው ጨረቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፈርሶበታል። ጨረቃ ቤት የምንለው ያለ ፈቃድ፣ አፍራሽ እንዳይደርስበት በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ የሚያድረውን ነው። ስሙ አገር አዳረሰ። አንድ ሰው ጨረቃን አጋዥ አድርጎ ለልጆቹ ጣሪያ ያቆመባትን ሌሊት እኛ መታወቂያው አድርገን ለጠፍንበት። ያን ያማረ ስም ሰው የሚሸማቀቅበት ያደረግነው እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ነን፤ ይህን ማንም ከሌላ አምጥቶ አልጫነብንም።

ልጅቷ ጥያቄዋን ደገመችለት። ገባውና ፊቱ ፈታ አለ። «ጂኣ» አላት። እሷም «ጂኣ» ብላ አየችው። «ጂኣ ወጥታለች» አላት፣ ልክ እንደ አዮ፣ እጁን ዘርግቶ።

ድሬዳዋ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። መብራት በጠፋበት ማታ ጄነሬተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ጨረቃን በእናንተ ምን ትሏታላችሁ በሏቸው። የነገሯችሁን ስም ልጁ በራሱ አፍ ይድገመው፤ ወንድ ከሆነ በወንድ፣ ሴት ከሆነች በሴት። ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ አድርጉት። ወሕሪ የሚለውን ከግቢያችን ልጆች የምናስታውስ ሁለት ብቻ ቀርተናል።